በዘራችን የለም

ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። በመጻሕፍታችን ውስጥ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው። ንጉሡ ፈረሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ደጃዝማቹ ይፎክራል፣ ሠራዊቱ ተራራውን ይወጣል፣ ሲያነክስ የሚታይ አንድ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ስንዋጋ ኖረን እግሩን ያጣ ሰው የት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መጽሐፉ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ሌላ ዘመቻ ይወስዳችኋል። ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ሰው ድንገት ብቅ ቢል እንኳ ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ወይ ሊፈወስ ነው፣ ወይ ሊመጸወት። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ፣ ማንን እንዳገባ፣ በምን እንደ ሳቀና በምን እንደ ተናደደ የሚነግረን የለም። ጉዳዩ አልቋላ።

ይህን የታዘብኩት ግን በራሴ ብልህነት እንዳይመስላችሁ። ታዝዤ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ስላችሁ ሰፊ ግቢና የባንዲራ መስቀያ እንዳታስቡ። ከአንድ ሱዳናዊ የተከራየነው መኖሪያ ቤት ነው። አምስተኛ ክፍል ሳሎኑ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል መኝታ ቤቱ፣ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ደግሞ ወጥ ቤቱ። ርእሰ መምህራችን ተቆጥተው ሲያስጠሩን ከማብሰያው ድንጋይ አጠገብ ቆመን ነበር የምንወቀሰው።

ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ቀን ከሆነ ስብሰባ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለተማሪዎቻቸው የአካል ጉዳተኞችን ታሪክ ያስተምሩልኝ ብሏል። ማን ያስተምር የሚለው ጉዳይ በመምህራን ፊት ቀርቦ በሰፊው ከተመከረበት በኋላ፣ በስብሰባው ላይ ያልተገኘ መምህር እንዲያስተምር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ያልተገኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥርሴን አሞኝ። መሥሪያ ቤት ውላችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ሥራ የሚሰጠው ለሚችለው ሰው ሳይሆን በሰዓቱ ለሌለው ነው።

መጽሐፍ ፈለግሁ፣ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከራሴ ጭንቅላት አስተማርኩ። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ስለያዙ ዓይነ ስውር የቤተ ክርስቲያን መምህራን ነገርኳቸው። በወሎ መንደሮች ቁርኣኑን ደረታቸው ውስጥ አስገብተው ዓይናማዎችን ወደ ኋላ ስላስቀሩ ዓይነ ስውር ሼሆች ነገርኳቸው። የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች ከከተማ ውጡ ተብለው ሲባረሩ፣ የራሳቸውን መንደር መሥርተው፣ ተጋብተው፣ ወልደው፣ እድር ገብተው፣ ተጣልተውና ተካሰው እንደ ኖሩ ሁሉ ነገርኳቸው። ለራሴ ደስ አለኝ፣ ድምፄም አማረልኝ። ልጆቹ አዛጉ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ “ኡስታዝ፣ ይሄ ኢምቲሃን ላይ ይመጣል?” አለኝ። ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ማለቱ ነው፤ ካርቱም ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ከሦስት ቃላቸው አንዱ ዐረብኛ ነው። አይመጣም ስለው እጁንም ልቡንም አንድ ላይ አወረደ።

እንግዲህ ልጅ የሚያዛጋው ነገሩ ከቤቱ ሲርቅበት ነው ብዬ አሰብኩና የቤት ሥራ ሰጠሁ። ሂዱና እናት አባታችሁን ጠይቁ፣ አልኳቸው። ከዘመዶቻችሁ መካከል፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ፣ የማያይ ወይም የማይሰማ ወይም የማይራመድ ሰው ነበረ ወይ? ከነበረስ ምን ሠርቶ፣ እንዴት ኖረ? ከጁምዓ በኋላ ስንገናኝ ትነግሩኛላችሁ። ይህን ብዬ፣ ታሪክን ከነገሥታቱ እጅ አውጥቼ ለሕዝብ እንዳስረከብኩ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። በአገራችን፣ “በዘራችሁ የማያይ፣ የማይሰማ አለ ወይ?” ብሎ በሰው ቤት የሚጠይቅ ሰው ማን ነው? የታሪክ ተመራማሪ ነው? አይደለም። ልጅ ሊያጭ ያሰበ ሰው ነው። ከጋብቻ በፊት ዘር ይጣራል፤ ጥያቄው የታወቀ ነው፣ አጠያየቁም የታወቀ ነው። ልጆቼ ጥያቄዬን አላዛቡትም፣ ቃል በቃል አድርሰውታል። ጣጣው የመጣው በትክክል ስላደረሱት ነው።

አገር ቤት ቢሆን ይህን ለማወቅ መምህር አያስፈልግም፣ ጎረቤት ይበቃል። ካርቱም ግን አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከጅማ መጥቶ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። የማን አያት ምን እንደ ነበሩ በምን ይታወቃል? በገላባት በኩል ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሲገኝ፣ እግረ መንገድህን የእነ እገሌን ዘር አጣራልኝ ይባላል። መንገደኛው ደግሞ ወይ ይረሳዋል፣ ወይ በዚያው ይቀራል። የልጆችን ወላጆች በሙሉ የሚያውቅ፣ ጥያቄውን በልጆቹ አፍ በየቤቱ የሚያስገባ የትምህርት ቤት መምህር ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው። በዚያ ላይ መምህሩ ላጤ ነበር።

በዚያ ሳምንት የበላሁትን ያህል በካርቱም ኑሮዬ በልቼ አላውቅም። ሰላምታ እንኳ የማይሰጡኝ ወላጆች ምሳ ጠሩኝ። ታላቅ ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች ትንሹን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ያዙኝ። አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ወጥ ቤት ሆና የምትሠራ አንዲት እናት ጁምዓ ዕለት ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። እየጎረስኩ ሳለ የልጇን ባለሙያነት በየመካከሉ ጣል እያደረገች፣ በእኛ ዘር እንኳን ዓይነ ስውር መነጽር ያደረገ ሰው አልታየም አለችኝ። ይህን ብላ ቀና ስትል መነጽሬን አየችው። ከዚያ በኋላ ዶሮው ወደ እኔ መምጣቱን አቆመ።

ሳምንቱ አልፎ ክፍል ገባን። አንድ በአንድ አስነሣኋቸው። የለም። የለም። በዘራችን የለም፣ አልሐምዱሊላህ። የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ አባቱ በቃሉ ያስያዙትን፣ ከሰባት ቤት ወዲህ ያነከሰ ሰው እንዳልተገኘ የሚያስረዳ ረጅም ንግግር አሰማ። በዚያ ክፍል ምስክርነት ከሄድን፣ ከወሎ እስከ ጎንደር ያለው አገር አንድም ጊዜ የታመመ ሰው አላየም። ልጁን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኜ ሳየው አባቱ ትዝ አሉኝ፤ ሁልጊዜ በምርኩዝ ነው የሚመጡት።

መጨረሻ ላይ መኪያ ተነሣች። መኪያ ስድስተኛ ክፍል ከነበሩት ሁሉ ዝምተኛዋ ናት፤ እናቷ ዘይነባ ባሏ የሞተባት የወሎ ሴት ስትሆን አል-ማንሺያ ሰፈር በሰው ቤት እየሠራች ሁለት ሴቶች ልጆች ታሳድጋለች። መኪያ ትንሽ ቆመችና እንዲህ አለች።

“እኛ ቤት አለች። አክስቴ አንሻ። አትሰማም።”

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። አንሻን ሁሉም ያውቃታል። ለሠርግ ሂና የምታቀባ፣ የሱዳን ሙሽሮች ተሻምተው የሚወስዷት ሴት ናት። የዘይነባ እኅት መሆኗን ግን ማንም አያውቅም። ዘይነባ ሰው በጠየቃት ቁጥር፣ “ጎረቤቴ ናት” ነበር የምትለው። እኔም ራሴ ጎረቤት ናት ብዬ ነበር የማውቃት፤ መልካቸው ቁጭ አንድ ዓይነት መሆኑን ያየሁት መኪያ ከተናገረች በኋላ ነው።

አንሻ እንዴት ነው የምታወራው ብዬ ጠየቅኋት። በእጇ ነው፣ አለችኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ምልክት አላት። ርእሰ መምህሩን ስታነሣ ሆዷን በሁለት እጇ ታቅፋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የእኔስ ስላት መኪያ አፈረች፣ ስንለምናት ጣቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የሌለ መነጽር ሽቅብ ገፋችና የሌለ ሱሪ በመዳፏ አራገፈች። ሱሪዬ ላይ የማይጠፋው ጠመኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያዛጋል? ደወል ሲደወል የሚወጣ ልጅ ጠፋ፣ ሁሉም የጎረቤቱን ምልክት ካላወቅኩ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ አንድ ቀን ዋለ። በማግሥቱ ዘይነባ የሥራ ልብሷን ሳትለውጥ፣ ቶቧን በላዩ ጣል አድርጋ ከአል-ማንሺያ በቀጥታ መጣች። ወላጆች ሁሉ እርስዎ ነው የሚሉኝ፤ እሷም እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለኝ። ያን ቀን እርስዎው ከተሳፈረችበት ሀፍላ ሳይወርድ ቀረ።

“ኡስታዝ፣ ልጄን ነው ያስተማርካት፣ ወይስ ቤቴን ነው ያፈረስክብኝ?”

አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት። ነገሩን ነገረችኝ። ታላቋ ልጇ ሐያት ከዚያ በፊት፣ ሌላ ሰፈር ሳሉ፣ ታጭታ ነበር። የልጁ ወገኖች ደስ ብሏቸው መጡ፣ በሉ ጠጡ፣ አንሻ ሻይ ይዛ ገባች፣ እኅቴ ናት የተባሉት አንሻ እንደማትሰማ አዩ፣ አመስግነው ወጡ፣ አልተመለሱም። ሐያት ስታለቅስ ከረመች፤ ከዚያ ወዲህ አንሻ ጎረቤት ሆነች። አሁን ደግሞ አብዱ የሚባል፣ ሪክሻ የሚሏትን ባጃጅ የሚነዳ፣ ሐያት እንደ ዓይኗ የምትሳሳለት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ለሚመጣው ጁምዓ ቀጠሮ ተይዟል። በዚሁ ሳምንት ነው እንግዲህ የዘይነባ ገመና በስድስተኛ ክፍል የተነበበው።

እናንተ ዘይነባን ክፉ እኅት ናት ብላችሁ እንዳትፈርዱባት። እኔ ልፈርድ ዳድቶኝ ነበር። ግን ይህች ሴት ናት አንሻን ከወሎ ጀምሮ በእጇ ይዛ በረሃውን ያሻገረቻት። ሌላው ዘመድ፣ የማትሰማ ሴት ይዘሽ የት ትደርሻለሽ፣ እዚሁ ትቅር ሲላት እምቢ ብላ ያመጣቻት እሷ ናት። እኅቷን አልጠላቻትም። የምትፈራው የልጇን ዕንባ ነው፤ ይህን እየነገረችኝ የራሷ ዕንባ ቶቧ ላይ ይወርድ ነበር። እኔም አለቀስኩ ማለት አይገባኝም፤ መነጽሬን ጠረግሁ እንበል።

የመጣችው ግን ልትወቅሰኝ ብቻ አልነበረም፣ ልታዘኝም ነበር። ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል አለችኝ። ጁምዓ ዕለት በሴቷ ወገን ሽማግሌ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ስለ ዘር ሲጠየቅ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ የተማረ ሰው ቃል ይታመናል፤ ልጅ ተሳስታ ነው፣ አንሻ ጎረቤት ናት ብዬ እዘጋዋለሁ። አንሻ ያን ቀን ጎረቤት ቤት ትውላለች። እሺ አልኳት። እናት አጠገባችሁ ተቀምጣ ስታለቅስ እሺ ከማለት ሌላ የምታውቁት ቃል ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ያን ሳምንት በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ። ውሸት ያልሆነ፣ እውነቱንም የማይናገር ዓረፍተ ነገር። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ሞልቷል፤ በቃል ለመናገር ግን እንዴት እንደሚያስቸግር ያየሁት ያኔ ነው። ብዋሽ መኪያ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ ታየኛለች። እውነቱን ብናገር ሐያት ትቀራለች። በመጨረሻ አንድ አገኘሁ፤ “የዚህን ቤት ዘር በሚገባ አውቀዋለሁ፣ የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም።” ከየትም ቢገለብጡት ውሸት የለበትም። ኮርቼበት በየመንገዱ ለራሴ ስለው ሰነበትኩ።

ጁምዓ ደረሰ። ከዐስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሙሽራው በደንቡ መሠረት አልመጣም፤ ሪክሻው ግን ከበሩ ውጭ ቆማለች፣ ውስጧም ራሱን ዝቅ አድርጎ የተደበቀ አንድ ጎልማሳ አለ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የአብዱ አጎት ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ጀሪፍ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጡ የሸበቱ፣ ሱዳንን ከብዙዎቻችን በፊት የረገጡ ሰው። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ሽማግሌ እስኪፈቀድለት ቆሞ መናገሩ ደንብ ነውና ቆሙ። ዘይነባ ተቀመጡ አለች፣ አልተቀመጡም። እኔም ተቀመጡ አልኩ። አልተቀመጡም። መኪያ የከርከዴውን ትሪ ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ከእኔ ላይ አይነሣም። ሐጂ እንድሪስ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙት።

“ያ ኡኽቲ፣ እኅት ዓለም፣ አንሻ የምትባለው ምንሽ ናት?” አሉ።

ዘይነባ ፊቷ አመድ መሰለ። ወሬው እንደ ቀደማቸው ገባት፣ እኔም ገባኝ። ዞራ አየችኝ። ተራዬ ነው። ያ የደከምኩበት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ተሰናድቷል፣ አፌን መክፈት ብቻ ነው የቀረኝ። መኪያን አየኋት። ከዚያ የወጣልኝ ሌላ ነገር ነበር፤ “እትዬ ዘይነባ፣ ይሄንን አንቺ ነሽ የምትመልሽው” አልኩ። ፍርሃት ነው በሉት፣ ድፍረት ነው በሉት፣ እኔም አልለየሁትም።

ዘይነባ ወደ መጋረጃው ዞረች። ሐያት ከመጋረጃው በስተጀርባ ናት፣ ጥላዋ ይታያል።

“እኅቴ ናት” አለች ዘይነባ። “የእናቴ ልጅ። አትሰማም። ከአገሬ በእጄ ይዣት መጥቻለሁ፣ ዛሬ አልክዳትም። ካልፈለጋችሁ በሩ ክፍት ነው።”

ሐጂ እንድሪስ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። “ታዲያ አታስጠሪያትም?” አሉ። “ልጃችን፣ አንሻ ሳትቀመጥ እንዳትቀመጡ ብሎን በእግራችን ቆመን ወገባችን ተቆረጠ እኮ።”

ነገሩን ከዚያ በኋላ ነው የተረዳነው። ለአንድ ዓመት ያህል አንሻን ለሂና ሥራ ወደ አል-ማንሺያና ወደ አል-ጣኢፍ እየወሰደ የሚመልሳት አብዱ ነበር። የእጇን ቋንቋ ቶሎ ያዘላት። አንሻ በመጀመሪያ ልጁን ስታጠናው ከረመች። እግረኛ ሲያቋርጥበት ይሳደብ እንደሆነ ከኋላ ሆና ትከሻውን ታያለች፤ የማይሰማ ሰው ከትከሻ ብዙ ያነባል። ሽማግሌ ሲሳፈር ወርዶ ይደግፍ እንደሆነ ታያለች። ከከንፈሩ ሥር ቱምባክ የሚሉትን የትምባሆ ዱቄት አግኝታበት፣ እሱን ሳትተፋ ስለ አንድ ሰው አልነግርህም አለችው፤ ስንት ሰው የመከረው ልጅ ቱምባኩን ተወ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የእኅቷን ልጅ ሐያትን ያሳየችው። ሽማግሌ ላክ ያለችውም እሷ፣ ጁምዓ ይሁን ያለችውም እሷ። ዘይነባ ጋብቻው እንዳይፈርስ ብላ ጎረቤት ቤት የደበቀችው ጋብቻውን ያቆመውን ሰው ነበር።

መኪያ ትሪውን ለእኔ አስታቅፋ ሮጠች። አንሻ ግን ሮጣ አልመጣችም። የክት ቶቧን ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ቀስ ብላ ነው የመጣችው፤ ጎረቤት ቤት ስትላክ ለምን እንደሆነ ጠንቅቃ አውቃ ኖሯል። በሩ ላይ ቆማ እኅቷን አየቻት። ዘይነባ በእጇ አንድ ነገር አለች፤ ምን እንዳለች አልገባኝም። አንሻ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ደግሞ መለሰችው፣ የእኅቷን ጉንጭ በመዳፏ ጠረገችና ቁጭ አለች። ሽማግሌዎቹም አልሐምዱሊላህ ብለው ተቀመጡ። እኔ ትሪውን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ያስታወሰኝ የለም።

ሐጂ እንድሪስ የልጅቷን እጅ በወጉ ጠየቁ፤ መኪያ ለአክስቷ በእጇ አስተረጎመች። አንሻ አዳመጠች፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ ማዳመጥ ነው። ቀጥላ እሷም በተራዋ እንደ ቤተሰብ ታላቅ ጥያቄ አቀረበች። መኪያ ሳቋን ይዛ ተረጎመችልን፤ በእናንተ ዘር የማይሰማ ሰው አለ ወይ?

ሐጂ እንድሪስ ይህን ጥያቄ ያውቁታል፤ መልሱንም ያውቁታል። ወላሂ የለም፣ አሉ። አጥንታችን የታወቀ ነው፣ ከዚያም ከዚያም ቢባል አንድ ሰው አይገኝብንም። ሁለቱም ሽማግሌዎች በዚህ ማሉ። አንሻ መሐላውን ከእጆቻቸው አይታ ፊቷ ቅር ሲላት አየን። ለመኪያ አንድ ነገር አለቻት።

“ታዲያ እዚያ ቤት ከማን ጋር ላወራ ነው? ትላለች።”

 ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሐጂ እንድሪስን ጎሸም አደረጋቸው፣ ገዳሪፍ ያለውስ… አለ። ሐጂ እንድሪስ ድንገት የካፖርት ያህል የከበዳቸውን ጀለቢያ ሰበሰቡ። አዎ፣ አሉ በመጨረሻ፣ አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ከማል ይባላል፣ ገዳሪፍ ነው የሚኖረው። አይሰማም። አብዱን ልጅ ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። እኔም ያኔ ነው አብዱ የአንሻን እጅ እንደዚያ ቶሎ እንዴት እንዳነበበ የገባኝ። ሐጂው ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ስሙን ከአፌ ካወጣሁት ቆየ፣ አሉ ቀስ ብለው። አንሻ ግን ፊቷ በርቷል። እሱን ይዛችሁ ኑ፣ ያኔ ልጃችንን እንሰጣለን፣ አለች። ሽማግሌ ባዶ እጁን በቀጠሮ መመለሱም ደንብ ስለሆነ፣ ማንም አልተቀየመም።

ወሬው ጀሪፍን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ስገባ ጥያቄውን ሳላነሣ ክፍሉ ሁሉ እጅ ሆነ። ያ ሁሉ ጤነኛ ዘር በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደ ደረሰበት እንጃ። አንደኛው ዓይነ ስውር አያቱ በገበያ ቀን በርበሬን በማሽተት ብቻ ከየትኛው አገር እንደ መጣ ይለዩ እንደ ነበር ነገረን። አንዷ፣ እግሯ ፖሊዮ የመታው የአባቷ አክስት በበቅሎ ሆና መንደር ሙሉ ስታዋልድ እንደ ኖረች ነገረችን። ያ ረጅም ንግግር ያደረገው ልጅ የአባቱን ምርኩዝ ታሪክ ከጦር ሜዳው ጀምሮ ተናገረ፤ አባቱ ታሪኩን የነገሩት በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ማንም አላዛጋም። ያቺ ዶሮ ያበላችኝ እናት እንኳ ልጇን ልካ፣ እኛም አንድ ዓይና አጎት አለን፣ መነጽርም ያደርጋል አለችኝ። ዘግይታለች፤ እኔም ኮርቻለሁ።

ከማል መጣ፣ ቀለበቱ ታሰረ፣ ሠርጉም ደረሰ። የካርቱምን ሠርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ መንገዱን ይዘጋል፣ ኦርጋን ይተከላል፣ ቁመናቸው ሰው የሚያህል ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ከምሳ ጀምሮ አገር ይንቀጠቀጣል። እንግዳው ሁሉ እየጮኸ ይናገራል፣ የሚሰማ የለም። ከፊት ለፊታችን አንሻና ከማል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ላይ የእሱ ምልክት ከእሷ ምልክት እየተለየ ትንሽ ተነታርከው ነበር፤ አንዱ ለሌላው እያስተካከለ፣ እየሳቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ወሬው ፈሰሰ። ሙሽራው ለብቻ፣ ሙሽሪት ለብቻ፣ ሽማግሌው ለብቻ ሲታሙ በዓይኔ አየሁ፤ የሌለ ሱሪ ሲራገፍም አይቻለሁ። ዘይነባ በመጣው እንግዳ ሁሉ ፊት እኅቷን በእጇ እያሳየች ስታስተዋውቅ ዋለች። ምን እያለች እንደሆነ ባይሰማም ከአፏ ያስታውቃል።

ሐጂ እንድሪስ ከጎኔ ነበሩ። አንድ ቁም ነገር ሊነግሩኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ምን አሉ? አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ፣ ምን አልከኝ? አሉኝ። ደገሙልኝ፣ ደገምኩላቸው። እጄን ጆሮዬ ላይ ቀስሬ፣ አንገቴን አስግጌ፣ አፋቸውን አፋቸውን ሳይ ቆየሁ፤ ሐጂውም እንዲሁ አፌን ያያሉ። ቀና ስንል አንሻና ከማል ወሬያቸውን አቁመው ይመለከቱናል። አንሻ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐጂ እንድሪስን አየችና ከንፈሯን መጠጠችልን።